ሰኔ 9 በሶዌቶ፦ የሄክተር ፒተርሰን ሙዚየምና የተማሪዎቹ መንገድ፣ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው

በደቡብ አፍሪካ ጁን 16 የወጣቶች ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 9 ይውላል። በፈረንጅ ከ1995 ጀምሮ ሕጋዊ የሕዝብ በዓል ሆኗል፤ እሑድ ላይ ከዋለ ሰኞው ይዘጋል። (ከዚህ በታች ዓመቶቹ በፈረንጅ፣ ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) በ1976 በዚህ ቀን፣ ከጆሃንስበርግ በደቡብ ምዕራብ ባለችው ሶዌቶ፣ ጥቁር ተማሪዎች አፍሪካንስ በሚባለው የነጭ ገዢዎች ቋንቋ እንዲማሩ መገደዳቸውን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ ከተገደሉት አንዱ የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን ነበር። ጆሃንስበርግና አካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ የእኛ ቤተሰቦች ቀኑን ወይ ሱቅ ውስጥ ወይ በእንቅልፍ ያሳልፉታል። ልጆቹ ግን የሚማሩት እዚያው አገር ነው፤ ስለ ቀኑ ክፍል ውስጥ ይሰማሉ፤ ቤት ገብተው ሲጠይቁ ደግሞ አጥጋቢ መልስ አያገኙም። ይህን ግምገማ የጻፍነው በዋናነት ለእነዚህ ወላጆች ነው፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ አገር ለጉብኝት ለሚሄድም ይጠቅማል። የምናየው ሶዌቶ ውስጥ ኦርላንዶ ዌስት በሚባለው ሠፈር የሚገኘውን የሄክተር ፒተርሰን መታሰቢያና ሙዚየም፣ ተማሪዎቹ በ1976 የተጓዙበትን መንገድ፣ በዙሪያው ካሉት ቦታዎች ደግሞ ጊዜ ሊሰጣቸው የሚገባውንና የማይገባውን ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ሙዚየሙ ልጅ ይዞ ለመሄድ ሶዌቶ ውስጥ ካሉት ቦታዎች ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ በዕለተ በዓሉ ግን ወደ ውስጥ አትግቡ። ሰኔ 9 ጠዋት አደባባዩ ላይ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ባለሥልጣናት ይመጣሉ፣ የትምህርት ቤት ቡድኖች ይጎርፋሉ፣ አስጎብኚዎቹ ይጣበባሉ። ትንሽ ቁመት ያለው ልጅ ከሰው ጀርባ ሌላ የሚያየው የለም። ሙዚየሙን ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ፣ ሰው በማይበዛበት ሰዓት እዩት። በዕለቱ መንገዱን በእግር ሂዱ። ቅደም ተከተሉ ይህ ሲሆን ልጁ በዕለቱ የሚረግጠውን መሬት ያውቀዋል፤ ሲገለበጥ ደግሞ በዓሉ ግርግር ብቻ ይሆንበታል፣ ሙዚየሙም የደከመ ልጅ የሚጎተትበት ቦታ ይሆናል።

ቤት ውስጥ የሚጀመር ሥራ

ሙዚየሙ ውስጥ የሚነበብ ነገር ብዙ ነው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ጉዳዩን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው ግድግዳው ሁሉ የማይታወቁ ሰዎች ፎቶ ይሆንበታል። ስለዚህ ፍሬ ነገሩን ቤት ጨርሱት። ፍሬ ነገሩ የትምህርት ቋንቋ ነው። በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ጥቁር ልጆች ለዝቅተኛ ሥራ ብቻ እንዲዘጋጁ ተደርጎ የተቀረጸ ነበር። በ1974 ደግሞ ሒሳብና ማኅበራዊ ትምህርት በአፍሪካንስ፣ ሳይንስና የእጅ ሙያ በእንግሊዝኛ ይሰጥ የሚል ትእዛዝ ወረደ። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ለሃይማኖት ትምህርት፣ ለሙዚቃና ለመሳሰሉት ቀረ። አስተማሪዎቹ ራሳቸው ብዙዎቹ አፍሪካንስን በቅጡ አይችሉትም ነበር። የኦርላንዶ ዌስት ታዳጊ ተማሪዎች በ1976 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ክፍል አንገባም አሉ፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ተከተሉ፤ ጁን 13 ቀን ተማሪዎቹ ኦርላንዶ ውስጥ ተሰብስበው ለጁን 16 ሰልፍ ቀጠሮ ያዙ።

ይህን በቃል ብቻ ለ11 ዓመት ልጅ ብትነግሩት በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። የሚሠራ ዘዴ አለ። አንድ የሒሳብ ጥያቄ በአማርኛ ፊደል ጻፉለት፦ «አንድ ነጋዴ 48 ኪሎ ጤፍ በ6 ከረጢት እኩል ቢያካፍል፣ በእያንዳንዱ ከረጢት ስንት ኪሎ ይኖራል?» እዚያ ያደገ ልጅ 48ን ለ6 ማካፈል አይከብደውም፤ ጥያቄውን ማንበብ ግን አይችልም። 10 ደቂቃ ዝም በሉት። ከዚያ «ይህ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ቢሆን፣ ከክፍል የምታልፈውም በዚህ ብቻ ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ሙዚየሙ ውስጥ ያሉት መፈክሮች ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይበዛል። አንደኛው ወላጅ አጋጣሚውን ይዞ «አማርኛ አታነብም» ብሎ ልጁን መውቀስ ነው፤ ትምህርቱ እዚያው ይሞታል፣ ልጁም ነገሩ ሁሉ እሱን ለማሳፈር የተደረገ ይመስለዋል። ሁለተኛው አፍሪካንስን እንደ ክፉ ቋንቋ ማቅረብ ነው። አፍሪካንስ ዛሬ ነጭ ያልሆኑ ብዙ ሰዎች ቤታቸው የሚያወሩት ቋንቋ ነው፤ የልጃችሁ የክፍል ጓደኛ አያት ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ ልጃችሁም እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይማረው ይሆናል። ተማሪዎቹ ያልተቀበሉት መገደዱን ነው።

አያት በሕይወት ካሉ ስልክ ይደወልላቸው። 1976 በእኛ 1968 ዓ.ም. ነው፤ የእኛም አገር ተማሪ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ በየገጠሩ ተበትኖ የነበረበት ዘመን። «እማማ፣ እርስዎ ያኔ ተማሪ ነበሩ? የት ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ የሶዌቶን ታሪክ ከሩቅ አገር ወሬነት ያወጣዋል።

ሙዚየሙ

ሕንፃው ቀይ ጡብ ነው፤ የሠፈሩን ቤቶች መልክ የያዘ። ማሻባኔ ሮዝ የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ነው የነደፈው፤ የተከፈተው በ2002፣ ጁን 16 ነው። የሚገኘው ኩማሎ መንገድ ላይ፣ ሄክተር ከተመታበት የሞኤማና የቪላካዚ መንገዶች መገናኛ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው።

ከውጭ ጀምሩ፤ አትቸኩሉ። አደባባዩ ላይ ዓለም የሚያውቀው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የ12 ዓመቱ ሄክተር ምቡዪሳ ማኩቦ በተባለ ወጣት ክንድ ላይ ተኝቷል፤ እህቱ አንቷኔት እጇን ዘርግታ አፏን ከፍታ ከጎን ትሮጣለች። ፎቶውን ያነሳው «ዘ ወርልድ» የተባለው ጋዜጣ ባልደረባ ሳም ንዚማ ነው። ፖሊስ ፊልም እየቀማ መሆኑን ስላወቀ ፊልሙን ከካሜራው አውጥቶ ካልሲው ውስጥ ደበቀው። ልጆች ይህን የካልሲ ነገር አይረሱትም፤ ከዚህ ጀምሩላቸው። ስለ ምቡዪሳም ንገሯቸው። ፎቶው በዓለም ከወጣ በኋላ ፖሊስ ስለፈለገው አገር ጥሎ ተሰደደ፤ ለእናቱ ከናይጄሪያ በ1978 ከጻፈው ደብዳቤ በኋላ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። ልጁ ወጥቶ ያልተመለሰ እናት ምን እንደምትሆን የእኛ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወደ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ መስኮቶቹን ፈልጉ። ብዙ ጎብኚ ስክሪኖቹንና ፎቶዎቹን አይቶ ያልፋቸዋል፤ የሕንፃው ትልቁ ሐሳብ ግን እነሱ ላይ ነው። ትልልቆቹ መስኮቶች እንዲያው የተከፈቱ አይደሉም፤ በዚያን ዕለት አንድ ነገር ወደሆነበት ቦታ ያሳያሉ። ልጁን መስኮቱ ፊት አቁሙትና የኦርላንዶ ስታዲየምን እንዲፈልግ አድርጉት። ተማሪዎቹ ሊደርሱ የነበረው እዚያ ነው፤ ሰልፉ ሳይደርስ ተኩስ ተከፈተበት። ከጀርባው ግድግዳ ላይ የ1976 ፎቶ፣ ከፊቱ ዛሬ ልብስ የተሰጣባቸው ግቢዎችና የሚያልፍ ታክሲ፤ በሁለቱ መካከል የቆመ ልጅ አስጎብኚ ባይኖረውም ይገባዋል።

የመጨረሻው ቦታ ግቢው ይሁን። ጣሪያ የሌለው የውስጥ ግቢ ነው፤ መሬቱ ላይ የግራናይት ጡቦች ተበትነዋል፤ ጡቦቹ ላይ የሞቱት ስም ተቀርጿል። ተደርድረው አልተቀመጡም፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ሰው ሮጦ በወደቀበት እንደቀረ። ልጁ አንድ ስም ይምረጥ፤ ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየተከተለ ያንብብ፤ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጻፈው። ሁሉንም ለማንበብ መሞከር አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ሲበዛ ልብ ይደነዝዛል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሟች ቁጥር 176 ነው፤ እስከ 700 የሚያደርሱት ግምቶችም አሉ። አንድ ስም ይዞ የወጣ ልጅ ግን በበዓሉ ዕለት ሲሄድ ያንን ስም ይዞ ይሄዳል። ደብተሩ ቤት እንዳይረሳ።

ስለ ዕድሜ እንነጋገር። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አደባባዩን፣ ፎቶውንና ግቢውን አይቶ ቢወጣ ይበቃዋል፤ በስክሪን የሚታዩት የተኩስና የአስከሬን ምስሎች ለእሱ አይሆኑም። ከ9 እስከ 12 ያለው 45 ደቂቃ ያህል ይችላል። 12 የሞላው ሙሉውን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሰጥቶ ይየው፤ ሄክተር በእሱ ዕድሜ ነበርና። በርካታ ስክሪኖች ስላሉ ልጅ አንዱን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ ከመግባታችሁ በፊት «ሦስት ብቻ እናያለን፣ እስከ መጨረሻቸው» ብላችሁ ተስማሙ። ካሜራ ወይም ስልክ ከማውጣታችሁ በፊት ፎቶ የሚፈቀደው የት እንደሆነ በሩ ላይ ጠይቁ።

አስጎብኚ ውሰዱ፤ የሠፈሩ ተወላጅ ቢሆን ይመረጣል። የሄክተር እህት አንቷኔት ሲቶሌ ራሳቸው በዚህ ሙዚየም ለዓመታት ጎብኚ ሲያስተናግዱ የኖሩ ናቸው። ውጭ ቆመው «ላስጎብኝ» ከሚሉት ጋር የምትሄዱ ከሆነ ዋጋውን፣ ሰዓቱንና የሚያዩትን ቦታ ከመነሳታችሁ በፊት ቁርጥ አድርጋችሁ ተስማሙ፤ «እንደፈለጋችሁ» የሚል መልስ መጨረሻው ክርክር ነው።

ሰኔ 9፣ በእግር

ጁን ጆሃንስበርግ ላይ ክረምት ነው፤ ክረምት ስንል ግን የእኛን ዝናብ እንዳታስቡ። ከተማዋ 1,700 ሜትር ከፍታ አልፋ የተቀመጠች ናት፤ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ አንዳንዴም ውርጭ ይጥላል፤ ቀን ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ ታሞቃለች። ፀሐይ የምትወጣው 1 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የምትጠልቀው ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ነው። ልጁን አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ አታልብሱት፤ 4 ሰዓት ላይ አውልቆ እናንተ ትሸከሙታላችሁ። ከውስጥ ቀጭን፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ንፋስ የሚከላከል ይሁን። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ለአንድ ልጅ አንድ ሊትር ውኃ ያዙ፤ ለከንፈር ቫዝሊን አይረሳ።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ማልበስም ጥሩ ነው። በዚህ ቀን ትልልቅ ሰዎች ጭምር ዩኒፎርም ለብሰው ይወጣሉ፤ የ1976ቱ ልጆች የተገደሉት ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ስለሆነ ነው። አሁን አሁን ዩኒፎርሙ የመጠጥ ድግስ ልብስ ሆኗል ብለው የሚያዝኑ የሶዌቶ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሐዘናቸው ይገባል። የእናንተ ልጅ ሸሚዙን አስገብቶ፣ ክራቫቱን አጥብቆ ሲሄድ ያዩት እናቶች ሰላምታ ይሰጡታል።

መነሻችሁ ሴንትራል ዌስተርን ጃባቩ የሚገኘው ሞሪስ አይዛክሰን ትምህርት ቤት ይሁን። ከሰልፉ መሪዎች ዋነኛው ፂየፂ ማሺኒኒ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ ሐውልቱ እዚያ ቆሟል፤ ፊት ለፊት የጁን 16 መታሰቢያ ሥፍራ አለ። ፂየፂ አገሩን ጥሎ ወጥቶ በ1990 ጊኒ ውስጥ አረፈ፤ ነጻነቱን ሳያይ። ከዚህ እስከ ሄክተር ፒተርሰን አደባባይ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትልቅ ሰው በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል፣ ከልጅ ጋር ሁለት ሰዓት መድቡ። በዕለቱ በዚህ መስመር የመታሰቢያ ጉዞ ይደረጋል፤ ከሕዝቡ ጋር መቀላቀል ይሻላል፣ መንገድም አትስቱም። 2 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ የተነሳ ሰው ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ድግሱ ሲጀመር ይደርሳል።

ልጁ «እነሱም በዚህ ነው የሄዱት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እውነቱን ንገሩት፦ አንድ መንገድ አልነበረም። ናሌዲ ከሚባለው ሠፈር የተነሱ ነበሩ፣ ከዚህ የተነሱ ነበሩ፣ በየመንገዱ ካሉ ትምህርት ቤቶች የተቀላቀሉ ነበሩ፤ ኦርላንዶ ዌስት ሲደርሱ ብዙ ሺሕ ሆነው ነበር። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ የሥራ ቀን። ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ሰልፍ እንደወጡ ያወቁት ማታ ከሥራ ሲመለሱ ነው።

ከመድረሳችሁ በፊት በክሊፕስፕሩት ቫሊና በኩማሎ መንገዶች መገናኛ ላይ የሄስቲንግስ ንድሎቩ መታሰቢያ አለ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል። ሄስቲንግስ 15 ዓመቱ ነበር፤ ከሄክተር በፊት የተመታው እሱ እንደነበረ ይነገራል። እሱን ያነሳው ካሜራ ስላልነበረ ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሁለት ደቂቃ ቁሙ። ልጁ ደብተሩ ላይ የጻፈውን ስም የሚያነብበት ቦታ ቢኖር፣ ከአደባባዩ ግርግር ይልቅ ይህ ነው።

በጉዞው ላይ የሚበላሹት ነገሮች ቀላል ናቸው፣ ግን ቀኑን ያበላሻሉ። አዲስ ጫማ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተረከዝ ይልጣል፤ ያረጀውን አልብሱት። መጸዳጃ ቤት መንገድ ላይ እንደልብ የለም፤ ከመነሳታችሁ በፊት ነዳጅ ማደያ ግቡ። አደባባዩ ላይ ሰው ሲበዛ የስልክ መስመር ይጨናነቃል፤ የወላጅ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ልጁ ኪስ ይግባ፣ «ብንጠፋፋ እዚህ ጋ» የሚባል አንድ ምልክትም አስቀድማችሁ ምረጡ።

ምሳ

ቪላካዚ መንገድ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች በበዓል ቀን ረጅም ወረፋ አላቸው፤ የተራበ ልጅ ይዞ አይጠበቅም። ወደ ውስጥ መንገዶች ገባ ብላችሁ ኮታ ግዙ። ኮታ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዝኛው «ኳርተር» (ሩብ) ነው፤ አንድ ሙሉ ዳቦ አራት ቦታ ይቆረጥና የአንዱ ሩብ ሆድ ይፈለፈላል። ታች ትኩስ የድንች ጥብስ ይገባል፣ ከላዩ አቻር የሚባለው የማንጎ ማባያ፣ ከዚያ ፖሎኒ የሚባለው የቋሊማ ዓይነት፣ ቺዝ፣ ራሺያን የሚባለው ቋሊማ፣ እንቁላል፤ እንደ ኪሳችሁ። ተፈልፍሎ የወጣው የዳቦ ልብ ከላይ እንደ ክዳን ይደረጋል። የሚበላው በእሱ ተጀምሮ ነው፤ ከጎን የገመጠው ሰው አቻሩ በእጅጌው ይወርዳል። አንዱ ለሁለት ልጅ ይበቃል።

ቀኑ በአብዛኛው ዓመት የሰኔ ጾም ውስጥ ይውላል። ለጾመኛ «ድንችና አቻር ብቻ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ነገር ግን ድንቹ የሚጠበሰው ቋሊማው በተጠበሰበት ዘይት መሆኑ የተለመደ ነው። አጥብቆ ለሚጾም ፓፕ በቻካላካ ይሻላል፤ ፓፕ እንደ ገንፎ ጠንከር ብሎ የሚሠራ የነጭ በቆሎ ምግብ ነው፣ ቻካላካው ካሮት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ቦሎቄ ያለበት የሚያቃጥል ማባያ። ሙስሊም ወገኖች ፖሎኒውና ራሺያኑ የአሳማ ሥጋ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይጠይቁ አይዘዙ።

መሄጃና መመለሻ

ሶዌቶ ከመሀል ጆሃንስበርግ በደቡብ ምዕራብ ናት። መኪና ያለው ሰው በዕለቱ ኩማሎና ቪላካዚ አካባቢ መንገድ እንደሚዘጋ አውቆ ራቅ ብሎ ያቁም፤ በመንገድ ዳር መኪና ለሚጠብቁት ልጆች ሳንቲም ይያዝ። ሪያ ቫያ የሚባለው የከተማ አውቶቡስ ሶዌቶ ይገባል፤ በካርድ ስለሚሠራ ካርዱን ቀደም ብላችሁ አውጥታችሁ ሙሉ፣ የበዓል ቀን ሰዓቱንም አረጋግጡ። ሚኒባስ ታክሲ ለሚጠቀም ከአዲስ አበባ ለመጣ እንግዳ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ረዳት የለም። ሒሳቡ ከኋላ ወንበር እጅ በእጅ ወደ ፊት ይተላለፋል፤ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው ይቆጥራል፣ መልስም ይመልሳል። የራንድ ሒሳብ ያልለመደ ሰው ፊት ወንበር አይቀመጥ። ዝርዝር ብር ያዙ።

ስለ ደኅንነት ሳንናገር ማለፍ አይገባም። በ2015 ጃንዋሪ ሶዌቶ ውስጥ የውጭ ዜጎች ሱቆች ተዘርፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሠፈሩን ስም ሲሰማ የሚሰጋ ወገን አለ፤ ስጋቱም ከባዶ የመጣ አይደለም። በበዓሉ ቀን ዋናው መስመር በፖሊስ፣ በቤተሰብና በጎብኚ የተሞላ ነው። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆናችሁ ሂዱ፤ በአካባቢው ሱቅ ያለው የምታውቁት ሰው ካለ የዚያን ሳምንት የሠፈሩን ሁኔታ ጠይቁት፤ ውጥረት አለ ካለ ሌላ ቀን ይሁን። መታወቂያ ወይም የጥገኝነት ወረቀት ከእጃችሁ አይለይ። 10 ሰዓት ሳይሞላ ተነሱ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሙዚቃና የመጠጥ ሰዓት ነው፣ ከልጅ ጋር አይሆንም።

ከአደባባዩ በኋላ

የማንዴላ ቤት ቪላካዚ 8115 ቁጥር ላይ ነው፤ ከሙዚየሙ በእግር ቅርብ። ትንሽ ቤት ስለሆነ በበዓል ቀን ወረፋው ከቤቱ ይረዝማል፤ ለሌላ ቀን ተዉት። ያን ጊዜ ግን ለልጁ አንድ ነገር ጨምሩለት፦ በ1962 ማንዴላ ከአገራቸው በድብቅ ወጥተው አዲስ አበባ መጥተዋል፣ ኮልፌ ውስጥም ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። በመንገዱ ላይ ስምንት ትልልቅ ግራጫ እጆች ቆመዋል፤ «ቪላካዚ» የሚለውን ስም በምልክት ቋንቋ ፊደል በፊደል ይጽፋሉ። ልጆች እጃቸውን እንደዚያ አድርገው ሲሞክሩ ማየት ደስ ይላል።

ጊዜ ካላችሁ ቤተ ክርስቲያኑን አትለፉት። ሬጂና ሙንዲ ሮክቪል ውስጥ ያለ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከአደባባዩ በመኪና ይደረሳል። ስብሰባ በተከለከለበት ዘመን ሕዝቡ የሚሰበሰበው እዚህ ነበር፤ በጁን 1976 ተማሪዎች ሸሽተው ሲገቡ ፖሊስ ተከትሎ ገብቶ ተኩሷል። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ፤ የጥይቱ ቀዳዳ አሁንም አለ። የእብነበረድ መንበሩ ጠርዝ እንደተሰበረ ተትቷል፤ አልተጠገነም። ሥርዓተ ጸሎት ላይ ከሆኑ ውጭ ጠብቁ፤ ሲያበቃ ሰው ያሳያችኋል፣ መግቢያው ላይ ላለው ሣጥን የምትሰጡትን ስጡ።

አዲስ አበባ ላላችሁ፦ ሰኔ 9 እናንተም ዘንድ ይከበራል፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1990 እነዚህኑ የሶዌቶ ልጆች ለማሰብ ቀኑን የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ብሎ ሰይሞት ከ1991 ጀምሮ ይታሰባል። የትምህርት ቤታችሁ ዝግጅት ላይ ኬክ ከመቆረጡ በፊት ያንን ፎቶግራፍ አንድ ልጅ ተነስቶ ያስረዳ፤ ስማቸውን ጠርቶ፣ ሄክተር፣ ሄስቲንግስ፣ ምቡዪሳ፣ አንቷኔት።

ሶዌቶ ላላችሁ የቀረው አቫሎን መቃብር ነው። ሄክተርም፣ ሄስቲንግስም፣ ፂየፂም ያረፉት እዚያ ነው። ቦታው እጅግ ሰፊ ስለሆነ በግምት አትግቡ፤ በሩ አጠገብ ያለውን ቢሮ ስሙን ነግራችሁ አቅጣጫ ጠይቁ። አበባ ከከተማ ይዛችሁ ሂዱ። ከ9 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ፀሐይ ዘንበል ካለች በኋላ ብርዱ ይመለሳል፣ የድንጋዩም ጽሑፍ በቅጡ አይነበብም።